ዳጊስ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል፦ ከባሕር ዳር ስዊድን ለገባችሁ ወላጆች

በስዊድን የሕፃናት መዋያ፣ በዳጊስ፣ ግድግዳ ላይ የቀኑን ውሎ የሚያሳዩ የሥዕል ካርዶች ይሰቀላሉ። «ልጄ ጤነኛ ነው፤ ለምን ሥዕል ይለጥፉበታል?» ከባሕር ዳር ከሚመጡ ወላጆች የማይጠፋ ጥያቄ ነው። ሳይጠይቅ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፍም አለ። መልሱ አጭር ነው፦ ሥዕሉ ለሁሉም ልጅ ነው። ዳጊስ፣ በወረቀት ስሙ ፎርስኮላ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ይቀበላል። በዚያ ዕድሜ የሚያነብ ብርቅ ነው፤ ብዙ ልጆች ቤታቸው የሚናገሩት ሌላ ቋንቋ ነው፤ መስማት ወይም መናገር የሚቸገርም አብሯቸው ይውላል። ሁሉንም በአንድ ክፍል የሚያግባባው ሥዕልና የእጅ ምልክት ነው። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው ፊደል ባይቆጥርም የመቅደሱን ግድግዳ እየተከተለ ታሪኩን ይረዳል።

የቀኑ ካርዶች በተርታ ይሰቀላሉ፦ ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ ፍራፍሬ፣ ውጭ ጨዋታ፣ ምሳ፣ እረፍት፣ በመጨረሻ ወደ ቤት። ያለቀው ይነሳል። አዲስ ለገባ ልጅ ከሁሉም የምትበልጠው የመጨረሻዋ ናት። ባሕር ዳር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ልጁ «ሲመሽ እማዬ ትመጣለች» ብሎ ያውቃል። ስቶክሆልም በታኅሣሥ በእኛ 9 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ ልጁም የተረሳ መስሎት ያለቅሳል። ሁለት ካርድ ብቻ እንደቀረ ሲያይ ግን ይረጋጋል። በነገራችን ላይ፣ ልጁን የምትወስዱበትን ሰዓት ስትሞሉ በእነሱ አቆጣጠር ይሁን፤ የእኛ 9 ሰዓት የእነሱ 15 ነው።

ካርዱን ቤታችሁም ሥሩ። የስፔኑ የአራጎን አስተዳደር የሚያወጣው አራሳክ የሚባል የሥዕል ስብስብ ለንግድ እስካልዋለ ድረስ በነፃ ይገኛል። እንጀራን፣ ዓሣ ጥብስን፣ አያትን ግን ራሳችሁ ፎቶ አንሡ። የዳጊሱ ካርድ ዳቦና ወተት ያሳያል፤ ልጁ ያማረው እንጀራ ከሆነ በምን ይናገር? ባሕር ዳር ያለች አክስት የአያትን በር፣ ባጃጁን፣ ጣና ላይ ያለውን ታንኳ አንሥታ ትላክ፤ ልጁ ስለ አገሩ ለመምህሩ የሚያሳየው ነገር ያገኛል። በአንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር ብቻ፣ ከኋላው ባዶ ነጭ፣ መጠኑ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከሥሩ ቃሉ በአማርኛና በስዊድንኛ። የሚያብረቀርቅ ላሚኔት፣ ካርዱ የሚለበጥበት ፕላስቲክ፣ መብራት እየመለሰ ሥዕሉን ይሰውራል፤ የማያብረቀርቀውን ግዙ። በልጁ ዓይን ትክክል ስቀሉት፤ ቁም ሳጥን ላይ የተሰቀለ ካርድ ለልጁ የለም ማለት ነው። በ3 ካርድ ጀምሩ። በመጀመሪያው ቀን 12 የደረደረ ወላጅ በሳምንቱ «አልሠራም» ብሎ ያነሳዋል። ለክረምት ልብስም ተርታ አብጁለት፦ ሙቅ ልብስ፣ ኦቨሮል፣ ቦት ጫማ፣ ኮፍያ፣ ጓንት። ጓንት የመጨረሻ ነው፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ ዚፕ አይዘጋም።

በካርዱ ልጁን አትፈትኑት። «ይሄ ምንድን ነው? በል ንገረኝ!» ከተባለ ካርዱ የፈተና ወረቀት ይሆንና ይሸሸዋል። ውኃ ብሎ ካሳያችሁ «ውኃ» ብላችሁ ውኃውን ስጡት። በቅጣት ካርዱን መቀማት ደግሞ አፉን መያዝ ነው።

ትልቁ ወጥመድ ዝም ያለው ልጅ ጉዳይ ነው። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ለወራት ዝም ሊል ይችላል፤ ያ በራሱ ችግር አይደለም። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ በአማርኛስ ያወራል? ቤቱ የሚለፈልፍ ከሆነ ጊዜ ስጡት። በአማርኛም አፉን ካልፈታ ነገሩ የስዊድንኛ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ቤተሰብ የሚሸወደው። መምህሯ «ቤትስ እንዴት ነው?» ስትል «ደህና ነው፣ ሁሉን ይሰማል» ይባላል፤ በስልክ አያት «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» ይላሉ። መምህሯ አማርኛ ስለማትሰማ ዝምታውን ለአዲሱ ቋንቋ ትሰጠዋለች። ሁለቱ ሲጠባበቁ ልጁ 5 ዓመት ይሞላዋል። 2 ዓመት ተኩል ሞልቶት በአማርኛ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣ ሲጠሩት ካልዞረ፣ የያዛቸውን ቃላት ከተወ፣ ለሕፃናት ጤና ጣቢያው፣ ለቤቬሴ፣ ሳትሸፋፍኑ ንገሩ። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር፤ ከዚያ ወደ ሎጎፔድ፣ ወደ ንግግር ባለሙያ፣ እንዲልኩት ጠይቁ። ወረፋው ያበሳጫል፤ ስለዚህ ነው ዛሬውኑ መመዝገብ ያለባችሁ። ዳጊሱ ግን ወረፋ እስኪደርስ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም። የአገሪቱ የትምህርት ሕግ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ እንዲያገኝ ያዛል፤ የሐኪም ወረቀት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። «ምርመራው ይለቅ» የሚል ኃላፊ ካጋጠማችሁ ይህንኑ በጽሑፍ አስታውሱት።

ሥዕልና ምልክት ከለመደ ለመናገር ይሰንፋል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ስታሳዩ ቃሉንም አብራችሁ ተናገሩ፤ ምልክቱ ንግግርን ይደግፋል እንጂ አይተካም። አማርኛችሁንም አትተዉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፎርስኮላ ሥርዓተ ትምህርት የልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋም እንዲያድግ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ለመምህሯ ንገሯት፦ እኛ ዘንድ ጨዋ ልጅ ታላቁን አፍጥጦ አያይም። ይህን ካላወቀች «ዓይን አይገጥምም» ብላ ትጽፋለች፤ ያ ጽሑፍ የችግር ምልክት ተደርጎ ሊተረጎም ይችላል።

ለስብሰባ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ። «አምሃሪስካ» በሉ፤ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ብቻ ካላችሁ የሌላ ቋንቋ አስተርጓሚ ሊመጣ ይችላል። የ9 ዓመት እህቱን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ የወንድሟን ችግር መሸከም የእሷ ሥራ አይደለም። ስፔሻልፔዳጎግ ልጁን እንዲያይ ፈቃድ ሲጠይቋችሁ ደግሞ ልጅ የሚነጥቅ መሥሪያ ቤት መጣ ብላችሁ አትደንግጡ፤ መምህራኑን የምታማክር የትምህርት ባለሙያ ናት። ያልገባችሁን ግን በ«እሺ» አትፈርሙ። ምን ልታይ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ፣ ውጤቱን ማን እንደሚያነበው ጠይቁ።

ገና ከባሕር ዳር ያልተነሳችሁ፣ የክትባት ካርዱን፣ ከፈለገ ሕይወት ወይም ከጥበበ ግዮን ሆስፒታል የጆሮ ወይም ሌላ ምርመራ ውጤት ካለ በእንግሊዝኛ አጽፋችሁ፣ ማኅተሙን አይታችሁ፣ በእጅ ቦርሳ ያዙ።