የድኅረ ቅኝ ግዛት ፖለቲካ ተመራማሪ ለመሆን ከየት ይጀመራል?

በዚህ መስክ የዶክትሬት ጥናት ጀምሮ መሀል መንገድ ላይ የሚቀር ሰው ብዙ ጊዜ ንባብ አንሶት አይደለም። ንድፈ ሐሳቡን ቀድሞ ይመርጥና ማስረጃ ፍለጋ ሲወጣ ጊዜው ያልፍበታል። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፦ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ቀጥሎ ቋንቋና መዛግብት፣ ንድፈ ሐሳብ ከዚያ በኋላ።

ጥያቄው ጠበብ ይበል። «ቅኝ አገዛዝ አፍሪካን እንዴት ጎዳ?» የሚለው በአንድ ሰው ዕድሜ አያልቅም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1964 ካይሮ ላይ፣ ነጻነት ሲገኝ የነበሩት ድንበሮች እንዲከበሩ ሲወስን ሶማሊያና ሞሮኮ ለምን አልተቀበሉም? ይህ ግን ሊመለስ ይችላል። ማን፣ የት፣ መቼ የሚሉት በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልገቡ ርዕሱ ገና ሰፊ ነው።

ቋንቋ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል፤ የገዢው መንግሥትና የተገዛው ሕዝብ። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ተመራማሪ የገዢዎቹን ክርክር ብቻ ሰምቶ ይመለሳል። ትምህርቱን ከማስተርስ ጀምሩት፤ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ መቻል ከመናገር የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ወደ መዛግብት ከመጓዛችሁ በፊት ካታሎጉን በኢንተርኔት ፈትሹና የፋይል ቁጥሮቹን ዘርዝሩ። የብሪታንያ ዋና ክምችት ለንደን፣ ኪው ይገኛል፤ የፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ፣ የፖርቱጋል ደግሞ ሊዝበን። የመዘጊያ ዘመንንም አጣሩ፦ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ የመከላከያ ምስጢርን የሚነኩ ሰነዶች በመርህ ደረጃ ለ50 ዓመት ዝግ ናቸው። ይህን ሳያጣራ ትኬት የቆረጠ ሰው ፋይሉን ሳያይ ይመለሳል።

ፋይሉ እጃችሁ ሲገባ በመጨረሻው ደብዳቤ አትርኩ። በብሪታንያ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ፋይሎች ውስጥ ባለሥልጣናቱ በየተራ አስተያየት የጻፉባቸው ገጾች አሉ፤ አንዱ ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል፣ የበላዩ ይወስናል። ወጪ የሆነው ደብዳቤ ይህን ሁሉ ጠብ ሸፍኖ መንግሥትን በአንድ ድምፅ የሚናገር ያስመስለዋል። ፎቶ ስታነሱ ሁልጊዜ ከሽፋኑና ከቁጥሩ ጀምሩ። ቁጥር የሌለው ገጽ በግርጌ ማስታወሻ ሊጠቀስ ስለማይችል ከነጭራሹ እንዳልተገኘ ይቆጠራል።

የሰነድ አለመኖርም የራሱ ታሪክ አለው። ማው ማው በተባለው ፀረ ብሪታንያ አመፅ ዘመን በደል የደረሰባቸው ኬንያውያን ለንደን ውስጥ በመሠረቱት ክስ ሳቢያ፣ ብሪታንያ ከቅኝ ግዛቶቿ ያሸሸቻቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ሃንስሎፕ ፓርክ በተባለ ቦታ ማስቀመጧ እ.ኤ.አ. በ2011 ታወቀ። አሁን በኪው «ኤፍ ሲ ኦ 141» በሚል መለያ ይነበባሉ። ሌሎች ደግሞ ነጻነት ሲቃረብ ተቃጥለዋል። ስለዚህ «ሰነድ የለም» ማለት «አልተፈጸመም» ማለት አይደለም፤ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የሚሲዮን ደብዳቤ፣ የዘመኑ ጋዜጣና የሽማግሌዎች ቃል ክፍተቱን ይሞላሉ። ለቃለ መጠይቅ ግን የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴና የአገሩ የምርምር ፈቃድ ይቀድማል። ሁለቱም ወራት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ያለ ፈቃድ የተሰበሰበ ቃል ደግሞ ከጥናቱ እንዲወጣ ሊታዘዝ ይችላል።

ከመመረቅ በፊት ጠንካራውን ምዕራፍ ወደ ጆርናል ላኩት፤ ብዙዎቹ ከ8,000 እስከ 10,000 ቃላት ይቀበላሉ። አንዱ መልስ ሳይሰጥ ለሌላው መላክ ያስቀጣል። ጽሑፉ ውድቅ ከሆነ ገምጋሚዎቹ በጋራ ያነሱትን አርማችሁ ለሌላ ስጡት።

ሥራ ስታመለክቱ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍል የሚፈልገው ምርምራችሁን ብቻ እንዳልሆነ አስቡ። «የድኅረ ቅኝ ግዛት ፖለቲካ» ብሎ የሚወጣ ማስታወቂያ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ቦታ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ወይም የንጽጽር ፖለቲካ መምህር ይፈልጋል። የአንድ መግቢያ ኮርስ የ12 ሳምንት ዕቅድ ከነንባቡ አዘጋጅታችሁ ቅረቡ። «ከዚያ አገር ውጭ ጥናትህ ምን ይነግረናል?» የሚለው ጥያቄ አይቀርምና ለእሱ የሁለት ደቂቃ መልስ ይኑራችሁ።

መመረቂያው መጽሐፍ ሲሆን የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ በአብዛኛው ይቆረጣል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጥናቱ በተካሄደበት አገር የሚሸጥ ርካሽ እትም ወይም ነጻ የኢንተርኔት ቅጂ እንዲኖር ጠይቁ፤ ከፊርማ በኋላ አሳታሚው የሚደራደርበት ምክንያት አይኖረውም።