የበዓል ጠላችን ለምን ይበላሻል? ስንጠምቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከብሎካችን ጀርባ አንድ የጋራ ህንፃ አለ። ለሠርግም ለለቅሶም እንጀራ የሚጋገርበት፣ ለበዓል በግ የሚታረድበት ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ግን እኛ እንይዘዋለን። ጠላና ጠጅ በቤታችን የምንጠምቅ ጎረቤታሞች ነን። አብዛኞቻችን ከመሀል ከተማ የግቢ ቤት ለቅቀን የመጣን ነን። እዚያ ጋን የሚቀመጥበት ጓዳ፣ ጋን የሚታጠንበት ደጅ ነበረን። አሁን ያለን አራተኛ ፎቅና ጠባብ በረንዳ ነው። ሙያው ከእናቶቻችን ጋር እንዳይቀር ብለን ተሰባሰብን።

አካሄዳችን ቀላል ነው። ሁሉም የጠመቀውን በማንቆርቆሪያ ይዞ ይመጣል። የማን እንደሆነ ሳይነገር ይቀዳል። እየቀመስን እንነጋገራለን። የኮመጠጠው ለምን ኮመጠጠ? የመረረው ለምን መረረ? ባለቤቱ በመጨረሻ ይናገራል፣ ያደረገውንም አንድ በአንድ ያስረዳል። በዚህ ሁሉ ቅምሻ አንድ ነገር ገብቶኛል። ጠላ የሚበላሽብን ሙያ አጥተን አይደለም። ስለምንቸኩል ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ጋን ላይ በደንብ ይታያል። የገና ጠላ መጥመቂያ ወቅት እየደረሰ ስለሆነ፣ በስብስባችን ደጋግመን ያየናቸውን ስህተቶች ልጻፋቸው።

ብቅሉን ሳያዩ መግዛት

የተፈጨ ብቅል ገዝቶ መምጣት ይቀላል። ግን ከተፈጨ በኋላ ምን እንደነበረ ማወቅ አይቻልም። ብቅል ደግሞ የጠላው ጉልበት ነው። ገብስ ሲበቅል ኢንዛይም ይፈጠርበታል። ኢንዛይሙ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይቀይራል። እርሾ የሚበላው ያንን ስኳር ነው። በቅጡ ካልበቀለ ጥንስሱ፣ ማለትም የጌሾና የብቅል መጀመሪያ ውህዱ፣ አይነሳም፣ ጠላውም ውሃ ውሃ ይላል።

ጊዜ ካለ እቤት ማብቀል ነው። ገብሱ ተለቅሞና ታጥቦ አንድ ቀንና ሌሊት ይዘፈዘፋል። ከዚያ ውሃው ተጠልሎ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ኮባ ካልተገኘ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅም ይሠራል። ቡቃያው ብቅ ብቅ ሲል ጸሐይ ላይ ይሰጣል። ምጣድ ላይ ግን አይቆላም። ኢንዛይሙ በእሳት ይሞታል። የሚቆላው ብቅሉ ሳይሆን ሌላው እህል ነው።

የሻገተ እህል ነገር ብቻውን መነገር አለበት። "ሲቆላ ይሞታል" የሚሉ ሰዎች አሉ። ሻጋታው ይሞት ይሆናል። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዙ ግን በእኛ ምድጃ ሙቀት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነገር የያዘው፣ የሻጋታ ሽታ ያለው እህል ከተገኘ ይጣል። ለዶሮም አይሰጥ፣ ዶሮንም ይገድላልና።

ጋን ታጠበ ማለት ተዘጋጀ ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በስብስባችን ከሚቀርበው ኮምጣጣ ጠላ ብዙው ከዚህ የሚመጣ ነው።

እማማ የምንላቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉን። ጋን ሲያጥኑ ያየሁበትን ቀን አልረሳም። መጀመሪያ እፍኝ ሙሉ የግራዋ ቅጠል ያዙ። እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ከተው የጋኑን ሆድ አሹት። አረንጓዴ አረፋ እየወጣ ታጠበ። በውሃ አለቀለቁት። ከዚያ አፋቸውን ዘግተው አፍንጫቸውን ወደ ጋኑ አፍ አስጠጉ። "ገና ነው፣ የድሮው አለ" አሉና እንደገና በግራዋ አሹት። ሦስት ጊዜ ነው ያጠቡት።

ከዚያ ገል ላይ ፍም አደረጉ። የወይራ ስንጣሪ ጣል ጣል አደረጉበት። ነበልባል እንዳይነሳ አመድ ነሰነሱበት፣ ጭሱ ብቻ እንዲወጣ። ሁለት ድንጋይ ላይ ጋኑን በአፉ ደፉት። ነጭ ጭስ በከንፈሩ ሥር እየተንፎለፎለ ወጣ። እኛ እያሳለን ሸሸን፣ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ጭሱ እየሳሳ ሲመጣ አነሱት። በመዳፋቸው ውስጡን ዳሰሱት። "አሁን የሚሸተው ወይራ ብቻ ነው" አሉ። ጌሾውንና ውሃውን ወዲያው ጨመሩ። ጋኑ ታጥኖ ክፍቱን አላደረም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሸክላ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ በዓይን የማይታይ። የድሮ ጠላ እዚያ ውስጥ ይቀራል፣ ጠላን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይረው ባክቴሪያም አብሮት። ውሃ ብቻውን አያወጣውም። ጭሱ የቻለውን ይገድላል፣ ለጠላውም ያንን የምናውቀውን ጠረን ይሰጠዋል።

አሁን ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የፕላስቲክ በርሜል ነው። ጋን ደረጃ ለደረጃ አራተኛ ፎቅ ማውጣት ከባድ ስለሆነ እረዳለሁ። ሆኖም በርሜሉ ከዚህ በፊት ምን እንደያዘ ካላወቃችሁ አትግዙት። ቀለም ወይም የሳሙና ኬሚካል የነበረበት በርሜል ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለሚጠጣ ነገር አይሆንም። ውስጡን በሽቦ አትፈግፍጉት፣ ጭረቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይደበቃል። ፕላስቲክ ደግሞ አይታጠንም። እኛ የምናደርገው ጥንስሱን በታጠነ እንስራ ጀምረን፣ ሲነሳ ወደ በርሜሉ መገልበጥ ነው። የወይራው ጠረን አይቀርም።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። ቤት ውስጥ በር ዘግታችሁ ፍም አታቀጣጥሉ። የከሰል ጭስ ሳይታወቅ ሰው ይገድላል። ዕቃችሁን ይዛችሁ ወደ ጋራ ህንፃው ውረዱ፣ አብረን እናጥናለን።

ውሃው

እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣ መጀመሪያ ቀላ ብሎ ይወርዳል። ያንን አትቅዱ፣ እስኪጠራ ይውረድ። ከሮቶ የምትቀዱ ከሆነ ሮቶው መቼ እንደታጠበ አስቡ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን ደግሞ ለእርሾም አይመቸውም። አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው። ይኼው ነው።

ትኩስ ቂጣ ጥንስስ ውስጥ መጨመር

ይህንን የሠራሁት እኔ ነኝ። በዓል አራት ቀን ሲቀረው ነበር። ሥራ አምሽቼ ገባሁ። ማታውኑ ቂጣውን ጋገርኩ። እንፋሎቱ እየወጣ ቆራርሼ ጥንስሱ ላይ ጨመርኩት። ቶሎ ይነሳል ብዬ ነበር። ጠዋት ጆሮዬን በርሜሉ ላይ አደረግኩ። ደህና ጥንስስ ሲፈላ ሽው ሽው የሚል ድምፅ አለው፣ ዝናብ ከሩቅ ሲመጣ የሚመስል። የእኔው ዝም ብሏል። በማግስቱም ዝም። በሦስተኛው ቀን የኮመጠጠ ሽታ መጣ።

እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይዳከማል፣ 60 ከደረሰ ያልቃል። እርሾው ሲሞት ሜዳው ለባክቴሪያው ይለቀቃል። ቂጣውም እንኩሮውም (ተቆልቶ ተፈጭቶ የበሰለው እህል) ሰፌድ ላይ ተበትኖ፣ እጅ ሲነካው ቀዝቃዛ እስኪሆን መጠበቅ አለበት። እኔ አሁን ሌሊቱን አሳድረዋለሁ።

እግረ መንገዴን ስለ መቁላትም ልበል። ጠላው ጠቆር እንዲል ብለው እህሉን እስኪከስል የሚቆሉ አሉ። ጠቆር ያለ ቡና ዓይነት ቀለም መልካም ነው። ከሰል ከሆነ ግን ጠላው አመድ አመድ ይላል፣ ያንን ምሬት ጌሾ አይሸፍነውም።

ጌሾን በግምት

ጌሾ ለምሬት ብቻ አይደለም። ጠላውን የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎች ያግዳቸዋል። ለእርሾ መነሻም ይሆናል፣ ቅጠሉና እንጨቱ ላይ የተፈጥሮ እርሾ አለና። ሲያንስ ጠላው ቶሎ ይኮመጥጣል፣ ሲበዛ ምላስ ይይዛል። እኔ ለአንድ ኪሎ ጌሾ ሁለት ኪሎ ብቅል ነው የምይዘው። ቅጠሉን ለጥንስስ፣ የተከተከተውን እንጨት ለድፍድፍ፣ ውሃ ከመሞላቱ በፊት ላለው ወፍራም ውህድ፣ አደርጋለሁ። የእናንተ እጅ ሌላ ልኬት ሊወድ ይችላል፣ ዋናው መመዘንና መጻፍ ነው። ባለፈው ወር በጣም የተወደደ ጠላ ቀርቦ ነበር። ባለቤቷን "ስንት ጌሾ አገባሽ?" ብለን ስንጠይቃት አታስታውስም። ያንን ጠላ ደግመን ለመቅመስ እስካሁን እየሞከርን ነው። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ደብተር ይዘናል።

ቀን አለመቁጠር

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የእኛ ሰፈር ዳር ላይ ስለሆነ ነፋሱም ብርዱም ይብሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ብርድ ላይ እርሾ ይተኛል። ለፋሲካ በአሥር ቀን የደረሰ ጠላ ለገና በአሥር ቀን ላይደርስ ይችላል። ብዙ ሰው ይህንን ይረሳና ሳይፈላ የቀረውን ለእንግዳ ያቀርባል። ጉሽ ጠላ የሚወድ ሰው አለ፣ ግን ሳይደርስ የተጠጣ ጠላ ሆድ ይነፋል።

በዚህ ዓመት ለገና አብረን ለመጥመቅ ቀጠሮ ይዘናል። ቀኖቹን ወደ ኋላ ቆጥረን ነው ያወጣናቸው። ታኅሣሥ 1 ገብሱ ይዘፈዘፋል። እስከ 9 በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ያልቃል። ታኅሣሥ 10 ጋኑ ታጥኖ ጌሾው ይጠነሰሳል። በ14 ቂጣውና ብቅሉ ይገባል። በ18 እንኩሮውና የጌሾው እንጨት ገብቶ ድፍድፍ ይሆናል። በ24 ውሃው ይሞላና አፉ ይከደናል። በ28 ይጠለላል። ቀን ብርዱ ከበረታ በርሜሉን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ምድጃ አጠገብ አታስጠጉት፣ አንድ ጎኑ ይሞቅና ሌላው ይቀዘቅዛል።

ድፍድፉ ከተሞላ በኋላ በየሰዓቱ ክዳኑን እያነሱ መቅመስም መጥፎ ልማድ ነው። በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። ኮምጣጤ የሚሠራው ባክቴሪያ የሚፈልገው አየር ነው። እንግዳ ሲበዛ ደግሞ አዲሱን ጠላ አሮጌው ላይ አትገልብጡ፣ አሮጌው አዲሱን ያኮመጥጠዋል።

ጀሪካኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት

ጠላ ከተጠለለ በኋላም መፍላቱን አያቆምም፣ ጋዝ ያወጣል። ጋን በጭቃ ሲመረግ ጭቃው ራሱ ትንሽ ትንሽ ያስተነፍሳል። ጀሪካን ግን አያስተነፍስም። ከስብስባችን አንዱ ለወላጆቹ ጠላ ይዞ ወደ ሰንዳፋ ሲሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ጀሪካኑ እንደ ኳስ አበጠ። ክዳኑን ሊያላላ ሲል በረረ። የጎኑ ተሳፋሪ ነጭ ነጠላ ጠላ ሆነ። ሰው አለመጎዳቱ እግዜር ይመስገን። ጠርሙስ ቢሆን ኖሮ መስታወቱ ዓይን ያጠፋ ነበር። ስለዚህ ጀሪካኑን አትሙሉት፣ ከላይ አንድ እጅ ክፍት ተዉለት። ክዳኑንም ላላ አድርጉት፣ መንገድ ላይም እያስተነፈሳችሁ ሂዱ። በጠርሙስ ግን ጭራሽ አትያዙ።

ስለ ጠጅ በአጭሩ

የጠጅ ስህተት አንድ ነው፣ ስኳር። ማር ሲወደድ ስኳር ይገባል፣ ቢጫ ቀለም ይጨመርበታል። እኛ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውሃ እናደርጋለን። ጌሾውን ቀምሰን ምሬቱ ሲበቃው እናወጣለን። ማር መግዛት ካልተቻለ ትንሽ ጠጅ መጣል ይሻላል። ሁለት ብርሌ እውነተኛ ጠጅ እንግዳ ያከብራል።

ገና ካለፈ በኋላ የጥምቀቱን መጀመር

ከገና እስከ ጥምቀት ያለው 12 ቀን ብቻ ነው። በየዓመቱ የገናው ጋን ሲያልቅ ነው ስለ ጥምቀት የምናስበው። በብርዱ ያ አይደርስም። ዘንድሮ ታኅሣሥ 24 የመጀመሪያውን ጋን ውሃ ስንሞላ፣ ከመሙላታችን በፊት አንድ ጣሳ ድፍድፍ ቀንሰን ለሁለተኛው ጋን መነሻ እናደርገዋለን። በሕይወት ያለ እርሾ ስላለበት ሁለተኛው ቶሎ ይነሳል። ለጥር 10 ለከተራ ይደርሳል፣ ታቦት አጅቦ ለሚመለስ ሰው ይቀዳል። ቂጣውን አንድ ቀን ቀድማችሁ ጋግራችሁ ቀዝቅዞ ይምጣ። ብቅልና ጌሾ ከማኅበሩ አለ። የጎደለን ወይራ ነው፣ ደረቅ ስንጣሪ ያለው ሰው በ24 ጠዋት ይዞ ይውረድ። እማማ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ናቸው።