ባለኡሩሺው ብዕር ከሁለት ገጽ በኋላ ሲደርቅ

ኡሩሺ በሚባል የጃፓን የዛፍ ሙጫ የተቀባው የቀለም ብዕር ሁለት ገጽ ጽፎ የሚደርቅበት ችግር ተፈታ፤ ጥፋቱ የኒቡ (የመጻፊያው ጫፍ) አልነበረም። እንደ ናሚኪ ኢምፐረር ያሉ ቀለም በማንጠብጠቢያ የሚሞላባቸው የጃፓን ብዕሮች ሆዳቸው ውስጥ ቀለሙን የሚዘጋ ዘንግ አላቸው። በብዕሩ ጭራ ያለው የኋላው ቆብ ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ ዘንጉ የቀለሙን መንገድ ስለሚዘጋ፣ ኒቡ ሥር የቀረችው ቀለም አንድ ሁለት ገጽ ታስጽፍና ታልቃለች። ኒቡን በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ እዚህ ምንም አይፈይድም።

ከመጻፍዎ በፊት የኋላውን ቆብ እንደ ብሎን ፈታ አድርገው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ሲጨርሱ ይዝጉት፤ አውሮፕላን ላይማ የግድ ነው።

ቀለሙ ከግማሽ በታች ሲወርድ የእጅ ሙቀት ውስጡ ያለውን አየር ያሰፋውና ቀለሙን ጠብ ያደርገዋል፤ ያኔ ቶሎ መሙላት ነው። ኡሩሺ የዛፍ ሙጫ ስለሆነ ፀሐይ ይጎዳዋል፤ መስኮት ዳር አይተዉት። ያ ጥልቅ ጥቁረቱ ሲደበዝዝ ያሳዝናል።