«እኔ ምኑን አውቄው?»፦ ልጅ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤት አለኝ። ትምህርቱን ያቆመው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ስትደውልለት አጠገቡ ነበርኩ። ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። «አባዬ፣ ሲቪል ልሙላ ኤሌክትሪካል?» አለችው። ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ አየኝ። «እኔ ምኑን አውቄው ልጄ፣ ልብሽ ያለሽን» ብሎ ዘጋው።

የዶርም ጓደኛዋ አባት ኢንጂነር ነው። ያቺኛዋ ምን እንደምትሞላ ከወራት በፊት ጨርሳለች። ልዩነቱ የጭንቅላት አይደለም። ሁልጊዜ የብርም አይደለም። የተማረ ሰው ቤት ያደገ ልጅ እራት ላይ የሚሰማውን ነገር ሌላው ልጅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበዋል፤ ያውም ቀኑ ካለፈ በኋላ። ብዙዎቹ ስህተቶቻችን የሚመጡት ከዚሁ ነው።

«ልጁ ሰነፍ ነው»

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት በየቤቱ የሚሰማ ፍርድ ነው። ቁጥሩን እንየው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። በ2015 ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲወድቅ «የኔ ልጅ ሰነፍ ነው» ማለት ምን ይባላል? ቤተ ሙከራ በስም ብቻ የሚያውቅ ልጅ እና ማታ ማታ አስጠኚ የሚመጣለት ልጅ ፈተናቸው አንድ ነው፤ ዝግጅታቸው ግን አንድ አይደለም። ቁጣው ይቆየን። መጀመሪያ ውጤቱ ለሪሜዲያል (ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ይበቃ እንደሆነ ማጣራት፣ ካልበቃ ደግሞ በግል ስለመፈተን መጠየቅ ይሻላል።

«ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ነው የሚገባው»

ባለፈው ወር ፍሪጄን የጠገነው ልጅ ከቴክኒክና ሙያ ነው የወጣው። እሱን ለማግኘት ሦስት ቀን ጠብቄያለሁ። ዲግሪ የያዘው ታላቅ ወንድሙ ለቃለ መጠይቅ ሲሄድ የታክሲ የሚቀበለው ከእሱ ነው። ይህን የምለው ዲግሪን ለማጣጣል አይደለም፤ እኔም አለኝ። ግን ሰርተፊኬት ብቻውን አይበቃም፤ ሲኦሲውን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ማለፍ አለበት። ብዙ ቤተሰብ ልጁን አስመዝግቦ ሲኦሲ የሚባለውን የሚሰማው በመጨረሻው ሰዓት ነው።

«ለእሷ ፓርኩ አለላት»

ይሄ የኛ የሐዋሳዎች ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ለብዙ የሲዳማ ገጠር ሴቶች የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ሰጥቷል። ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ አሥረኛ ክፍል ያለችን ልጅ «ምን ያደክምሻል» ብሎ ከትምህርት ማስወጣቱ ላይ ነው። መጀመሪያ አካባቢ መነሻ ደመወዙ ከ1,000 ብር በታች ነበር፤ ለቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም። ኢትዮጵያ በ2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ልብሱን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ለመሸጥ ከሚያስችለው ዕድል፣ ስትወጣ ደግሞ ሥራው ራሱ ተናጋ። የስፌት ሥራ ብቻ የምታውቅ ልጅ መስመሩ ሲዘጋ የምትይዘው ወረቀት ያስፈልጋታል። መሥራት ካለባት የማታ ትምህርቷን አታቋርጥ።

«ዲግሪ ከያዘ አለቀ»

አላለቀም። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። አራት ዓመት ተምሮ እሱን ያላለፈ ልጅ ዲግሪውን አይዝም፤ እንደገና መፈተን አለበት። ካለፈ በኋላ ደግሞ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ማስረጃ) በፕላስቲክ ይዞ መዞር ይመጣል። «ሁለት ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ፊት ቆሞ በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ ሳየው የራሴ ጊዜ ትዝ ይለኛል።

የቤተሰብ አቅም ከሁሉም በላይ የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደህና ቤት ያለው ልጅ የተማረበትን ሥራ እስኪያገኝ አንድ ዓመት ቤት ይቀመጣል። የእኛ ቤት ልጅ በሦስተኛው ወር የተገኘውን ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ወደ ሙያው መመለስ ከባድ ነው። እኔ ራሴ በሒሳብ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሱቅ ጠብቄያለሁ። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። እናቴ ስንት ወር ልታቆየኝ እንደምትችል ተነጋግረን አናውቅም ነበር፤ እኔ በየቀኑ እየተሳቀቅኩ፣ እሷም ዝም እያለች። ከምረቃው በፊት ቁጭ ብሎ «ስድስት ወር እንችልሃለን» መባባል ያሳፍር ይሆናል። ግን ልጁ ጊዜውን ያውቀዋል፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ እያለም የት ልምምድ ልግባ ብሎ መሯሯጥ ይጀምራል።

«ያለ ዘመድ ሥራ የለም»

ግማሹ እውነት ነው፤ አንዋሽም። ግን ብዙዎቻችን ይህን ብለን ማንንም ሳንጠይቅ እንቀመጣለን። ሰው መጠየቅ ደግሞ ጉቦ አይደለም።

ባጃጅ ነጂው ጎረቤቴ በቀን ስንት ሰው ይጭናል? የሪፈራል ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር። ያን ቀን ማታ ይህንኑ ስለው ሳቀብኝ። «ተሳፋሪን ስለ ልጄ ትምህርት ልጠይቅ? አብዷል ይሉኛል» አለ። በማግስቱ ጠዋት ግን የተጠቀለለ ፕላን የያዘ ሰው ጫነ። ሁለት ፌርማታ ያህል ዝም አለ። ከዚያ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሲቪልና ኤሌክትሪካል የሚባለው ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለው። ሰውዬው መውረጃው አልፎት እስኪሄድ አወራለት። ሲወርድ የስልክ ቁጥሩን በሎተሪ ቲኬት ጀርባ ጻፈለት።

ማታ ልጅቷ ራሷ ለሰውዬው ደወለችለት። አርባ ደቂቃ አወሩ አለኝ። የስልክ ካርዱን የሞላላት አባቷ ነው።