የደንበኛን ዋንድራይቭ ከሱቅ ኮምፒውተር በስክሪፕት ማውጣት

ጅማ ውስጥ ስድስት ኮምፒውተር ያላት የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ተማሪው ከጠዋት እስከ ማታ ይሰለፋል። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል። አካውንቱን ዘግቶ የሚሄድ ግን ከስንት አንድ ነው።

አምና አንድ ማታ የአንዱ ኮምፒውተር ዲስክ ሞልቶ አገኘሁት። የዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማከማቻ) ፎልደሩን ከፍቼ ያለውን ሁሉ ሰረዝኩ። በማግስቱ አንዲት ተማሪ ደወለች። «ጋሼ፣ ምዕራፍ አራት የለም!» አካውንቷ ክፍት ስለነበር እኔ ከዲስኩ የሰረዝኩት ከኢንተርኔቱም ጠፍቷል። ደግነቱ ዋንድራይቭ የተሰረዘ ፋይልን ለግል አካውንት 30 ቀን፣ ለትምህርት ቤት አካውንት ደግሞ 93 ቀን ያቆያል። ዌብሳይቱ ላይ ገብታ መለሰችው። ድምጿ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የማጸዳው በስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞችን በተራ በሚፈጽም ትንሽ ፋይል ነው። ኖትፓድ ላይ ጽፋችሁ እንደ ባት ፋይል (ስሙ በ.bat የሚያልቅ) አስቀምጡት።

ከማስነሳታችሁ በፊት ግን ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የደመና ምልክት እዩ። ቀስት እየዞረባት ከሆነ ፋይል ገና እየተጫነ ነው። ኔትወርኩ ቢንቀራፈፍም ጠብቁ፤ ያልተጫነው ፋይል ያለው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ወደ ዋንድራይቭ ዞረው ከሆነም ከሴቲንጉ ባክአፑን አስቁሙ።

የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር የታስክኪል (taskkill) ትእዛዝ ነው፤ ዋንድራይቭን ይዘጋል። ሁለተኛው ሬግ ዲሊት (reg delete) ነው። በሬጅስትሪው (ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ) ከረንት ዩዘር፣ ማለትም የአሁኑ ተጠቃሚ ክፍል ውስጥ፣ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዋንድራይቭ ሥር «አካውንትስ» የሚል ቁልፍ አለ። የግሉ «ፐርሰናል»፣ የትምህርት ቤቱ «ቢዝነስ1» ተብሎ ተቀምጧል። እነዚህን አስወግዱ። ሦስተኛው መስመር አፕዳታ፣ ሎካል ውስጥ ያለውን የዋንድራይቭ ሴቲንግስ ፎልደር ይሰርዛል። አራተኛው በሲኤምዲኪ (cmdkey) ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠውን የዋንድራይቭ የይለፍ ቃል ያጠፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ስክሪፕቱን በሌላ ሰው የአድሚን አካውንት ካስነሳችሁት፣ ከረንት ዩዘር ማለት ያ አድሚን ይሆናል። የደንበኛው አካውንት ንቅንቅ አይልም። ደንበኛው በተጠቀመበት ዩዘር ገብታችሁ አስነሱት።

የፋይሎቹ ተራ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ወዲያው አልሰርዝም። ፎልደሩን ቀን ጨምሬበት ስሙን እቀይረውና አንድ ሳምንት አቆየዋለሁ። ስማቸው እየታየ አልከፈት የሚሉ ፋይሎች ካሉ አትደንግጡ፤ ድሮም ኢንተርኔት ላይ ብቻ የነበሩ ናቸው።

አንድ ነገር ስክሪፕቴ አይነካም። ተማሪው በትምህርት ቤት አካውንት ሲገባ ዊንዶውስ «ተቋሜ ኮምፒውተሩን ያስተዳድር?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካለ ኮምፒውተሩ ራሱ ከተቋሙ ጋር ይያያዛል። ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ ከዚያ የሥራ ወይም የትምህርት ቤት መግቢያ የሚለው ጋ ገብታችሁ በእጅ አላቅቁት። እኔ አሁን በየስክሪኑ ጠርዝ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ «እዚህ መተግበሪያ ላይ ብቻ ግባ የሚለውን ይጫኑ።»