ጨብሲን ለመተው የሚረዱ መድኃኒቶች፤ ድሬዳዋ ሆኖ ለሚታከም ሰው

ድሬዳዋ ውስጥ የመጠጥ ጥገኝነት ብዙ ጊዜ የሚገባው በጫት በኩል ነው። ከሰዓት በኋላ ሲቅም የዋለ ሰው ማታ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ ይቀምሳል፤ ጨብሲ የምንለው ይኸው ነው። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የመጠጡን ብቻ ሳይሆን የጫቱንም ልክ መናገር ይገባል፤ ጫቱ እንዳለ ከቀጠለ ማታ ማታ የመጠጡ አምሮት መመለሱ አይቀርምና።

በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በራሱ ውሳኔ በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራል፤ ቤተሰብ ላቡን የከተማችን ሙቀት ያመጣው አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። በሁለት ቀን ውስጥ ሰውነትን የሚያንፈራግጥ መናድ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አደገኛ መቃዠት ሊከተል ስለሚችል ወደ ድል ጮራ ወይም ሐረር ወዳለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል መሄድ ይሻላል። በዚህ ጊዜ ዲያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ መድኃኒትና ታያሚን የተባለው ቫይታሚን በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣሉ።

ወደ ቀጣዩ ሕክምና ሲገባ ናልትሬክሶን የመጠጥን ደስታና አምሮት ይቀንሳል፤ የተለመደው መጠን በቀን 50 ሚሊግራም ሲሆን፣ ሰውየው ገና መጠጣቱን ሳያቆም ሊጀመርም ይችላል። ትራማዶል ወይም ሌላ የኦፒየም ዘር ማስታገሻ የሚወስድ ግን ይህን መደበቅ የለበትም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ድንገተኛና ከባድ ሕመም ያስነሳሉ። ጉበቱ በጣም ለተጎዳ ሰው አካምፕሮሴት ይመረጣል፤ ባለ 333 ሚሊግራም ሁለት ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፣ ኩላሊት ግን ከመጀመሩ በፊት መመርመር አለበት። በቀን ሦስት ጊዜ ማስታወሱ ለብዙዎች ፈተና ስለሆነ፣ ከቁርስ፣ ከምሳና ከራት ጋር ማያያዝ ይረዳል።

ዳይሰልፊራም አምሮትን አያጠፋም፤ የሚሠራው በማስፈራራት ነው። አልኮል ሲፈርስ የሚወጣውን አሴታልዲሃይድ በሰውነት ውስጥ ስለሚያከማች፣ የጠጣ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፤ ሕይወትን እስከ ማሳጣትም ሊደርስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ሳያልፍ አይጀመርም። እናት ወይም ሚስት ተጨንቀው በወጥ ወይም በሻይ ደብቀው መስጠታቸውን ምንም ያህል ብንረዳላቸው አድራጎቱ አደገኛ ነው። ክኒኑ ከቆመ በኋላም እስከ 14 ቀን ድረስ ጠላና ጠጅ ብቻ ሳይሆኑ አልኮል ያለበት የሳል ሽሮፕም ያንኑ ሕመም ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ፋርማሲ ሲገቡ ዳይሰልፊራም መውሰድዎን አስቀድመው ይናገሩ።