አዲስ አኳሪየም ላይ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ዓሣ አሳዳጊዎች

ዓሣው ሳምንት ሳይሞላው የሞተበት ሰው መጀመሪያ የሚረግመው ሻጩን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዓሣውን የሚገድለው ያልተዘጋጀ ውሃ ነው።

ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን መግዛት

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። ዓሣ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንዱ ወገን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትራይትም ይገድላል፤ ናይትሬት ግን ካልበዛ ብዙ አይጎዳም። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም ማለት ይቻላል። በፊልተሩ (በውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅ ላይ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ።

እስከዚያ ዓሣ የሌለበት ገንዳ ላይ ፊልተሩን አብሩና በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የዓሣ ምግብ ጨምሩ። በመለኪያ ስታዩ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ከታየ፣ ያኔ ዓሣ ግዙ። እሱም ጥቂት ጥቂት እያላችሁ።

አቋራጭም አለው። የቆየ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ከፊልተሩ ያገለገለ የስፖንጅ ቁራጭ ለምኑት። ሳይደርቅ፣ በራሱ ገንዳ ውሃ አምጥታችሁ የእናንተ ፊልተር ውስጥ ክተቱት። በጠርሙስ ከሚሸጠው ባክቴሪያ ይልቅ እኔ ይኼን አምናለሁ።

የደሴን ብርድ መርሳት

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ 2,500 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ባክቴሪያዎቹ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወዳሉ፤ ሲበርዳቸው ሥራቸው ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ደሴ ላይ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ከሌላችሁ ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ሁለት ወር ቢያልፍ አይግረማችሁ። ጋፒ የሚባለው ትንሽ ዓሣም ሂተር ከሌለ የደሴን ሌሊት አይችልም። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል፤ ግን ብዙ ስለሚያቆሽሽ ሰፊ ገንዳ ይፈልጋል።

የቧንቧ ውሃ በቀጥታ መጨመር

ክሎሪን ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። ውሃውን ክፍት ባልዲ ውስጥ ለ24 ሰዓት አቆዩት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ለማንኛውም ማጠራቀማችን አይቀርም።

ጽዳት ማብዛት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃው እንደ አጓት ይደፈርሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና ሁሉንም ደፍቶ ገንዳውን በላርጎ ያጥባል። ከዚያ እንደገና ከዜሮ። ተዉት፣ በራሱ ይጠራል። ስፖንጁ ሲደፈን ደግሞ ቧንቧ ሥር አትጠቡት። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት።

መብራት ሲጠፋ ፊልተሩን መርሳት

ባክቴሪያው ኦክስጅን ይፈልጋል። መብራት ለሰዓታት ከጠፋ ስፖንጁን አውጥታችሁ ገንዳው ውስጥ አንሳፍፉት፤ ውሃውንም በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱ።

አልጌ ሲመጣ መደናገጥ

አልጌ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ሽበት መሰል ነገር ነው፤ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማው ነው። መስታወቱንና ጠጠሩን አቧራ የነሰነሱበት ያስመስለዋል። በስፖንጅ ጥረጉት፤ ገንዳው ሲረጋጋ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። አረንጓዴው ግን የብርሃንና የምግብ ጉዳይ ነው። ገንዳውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁ። የገንዳውን መብራት በቀን ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ብቻ አብሩ። ምግብም ዓሣዎቹ በሁለት ደቂቃ ከሚጨርሱት አይብለጥ። በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ ያህል ቀይሩ። ውሃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ ገንዳውን ለሦስት ቀን ያህል በጨርቅ መሸፈን ይረዳል። ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ በረኪና የሚባል ነገር እንዳትሞክሩ።

«አልጌ ይበላል» ተብሎ የሚሸጠውን ፕሌኮ የተባለ ዓሣ ለመግዛትም አትቸኩሉ። ተራው ዝርያ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ከሚበላው አልጌ ይልቅ የሚጥለው ቆሻሻ ይበልጣል፤ ለትንሽ ገንዳ አይሆንም።